ሰዓቱን ንገሩኝ

ፎቅ ቤት ውስጥ ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ ሲሰማ ሁልጊዜ የሚከሰሰው ከላይ ያለው ጎረቤት ነው። አንደኛ ፎቅ ያለው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ይከሳል። ከጣራው ሥር የሚኖረው የሚከሰው ሲያጣ ወይ አይጥ ነው ይላል፣ ወይ ጸበል ያስረጫል። እኔ በቧንቧ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተወለድኩት ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ ነው፤ እንጀራዬን ያገኘሁት ግን ባብዛኛው በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ነው። ለጥገና ጠርተውኝ ሥራዬን ስጨርስ «እግረ መንገድህን ይችን ድምፅ ብታይልን» የሚሉኝ ሰዎች እየበዙ ሄዱና ድምፅ ፍለጋ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነልኝ። ከየት እንደሚሰማ ከጠየቅሁ የማገኘው መልስ የተቀሰረ ጣት ስለሆነ ጥያቄውን ትቼዋለሁ። ሰዓቱን ንገሩኝ ነው የምላቸው።

ሜዳ ላይ ጆሯችን ጎበዝ ነው። ከግራ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሯችን ጋ ከቀኙ ቀድሞ ይደርሳል። ልዩነቱ ቢበዛ የሰከንድ አንድ ሺህኛ አይሞላም፤ አእምሯችን ግን በዚያችው ልዩነት አቅጣጫውን ይለያል። ደራ ውስጥ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ፣ ማዶ ሆኖ የሚጣራው ሰው የቱ ዛፍ ሥር እንደቆመ አይጠፋውም። የድሮው የአገራችን ቤትም ይህን ችሎታ አያበላሸውም። በእንጨትና በጭድ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ የውጩን ድምፅ ያዳክመዋል እንጂ አቅጣጫውን አያዛባውም።

ኮንክሪት ሌላ ነገር ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በውሃ ውስጥ 1,480 ገደማ፤ በኮንክሪት ውስጥ ከ3,000 ይበልጣል፤ በብረት ውስጥ 5,000 ይደርሳል። ምድር ቤት ያለ ቧንቧ ግድግዳውን ሲነካው ንዝረቱ በኮለኑና በሶሌታው ሽቅብ ይወጣና ሦስተኛ ፎቅ ያለው ክፍል ወለሉም፣ ግድግዳውም፣ ኮርኒሱም ባንዴ ይናገራሉ። ግድግዳውን ቁም ሣጥንና መጋረጃ ሸፍኖታል፤ ወለሉን ምንጣፍና አልጋ ይዞታል። ራቁቱን የቀረው ሰፊ ገጽ ኮርኒሱ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ «ከላይ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ወደ ደረጃው ብንወጣ ደግሞ ይብሳል፤ ባዶ የኮንክሪት ደረጃ የገደል ማሚቶ ነው፣ የጠራኸውን ሁሉ ከአራት አቅጣጫ ይመልስልሃል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው ስለ ሐሜት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ተረቱ ፎቅ ቤት ውስጥ የተተረተ ይመስለኛል።

እርግጥ ክሱ እውነት የሚሆንበት ጊዜም አለ። አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም. ገደማ በገርጂ ለሙከራ ሲጀመር፣ ከጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂ.ቲ.ዜድ ጋር የተቀረጸው ወጪ ቆጣቢ አሠራር ወለሉን አስቀድመው በተመረቱ ቀጫጭን የኮንክሪት ጎድኖች፣ በመካከላቸው በተደረደረ ባዶ ብሎኬትና ከላዩ በፈሰሰ ስስ ኮንክሪት ነበር የሚሠራው። ቤቱ ለባለ ዕጣው የሚተላለፈው ማጠናቀቂያው ሳያልቅ ስለሆነ ሴራሚኩን ባለቤቱ ያስነጥፋል። ሴራሚኩም በቀጥታ ሲሚንቶው ላይ ይለጠፋል፤ በመካከል ምት የሚያለዝብ ምንም ነገር የለም። እንዲህ ያለ ወለል ላይ አራተኛ ፎቅ ቡና ሲወቀጥ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሕፃን ይነቃል። የሕንፃዎቹ ነዳፊዎች ይህን ሳያስቡ አልቀሩም። በየግቢው ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የጋራ ቤት ተሠርቶ ነበር፤ በብዙ ቦታ ለሌላ አገልግሎት ዋለ እንጂ ሙቀጫና ዘነዘናም እዚያ ቢወርዱ ስንት ኩርፊያ በቀረ። ወቀጣ ግን እኔን የሚያስጠራ ድምፅ አይደለም። ቡናውን የወቀጠችው ሴት ስትጠየቅ ታምናለች። እኔ የምጠራው ሁሉም ምሎ ሲገዘት ነው።

ስለ ሰዓት ላስረዳ። ሕንፃ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የራሱ የቀን ውሎ አለው፤ ድምፁ የሚሰማበትን ሰዓት ያወቀ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ነገር ግድግዳ ውስጥ ተሰማ ካሉኝ ስለ ቧንቧ አላስብም። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ምጣድ ይጥዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ብዙ ቤት ባንድ ጊዜ ሲጥድ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፣ ይወጣል፤ በየቤቱ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ሥር የተቀመጠው ስታቢላይዘር ያንን ለማስተካከል በተቀያየረ ቁጥር ቀጭ ይላል። ስታቢላይዘሩ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ቁም ሣጥኑ የጋራውን ግድግዳ ከነካ፣ ጎረቤት ግድግዳው ውስጥ ሰዓት የተቀበረ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ቁም ሣጥኑን አራት ጣት መሳብ ነው። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ያሳፍራል፤ ቡና እጠጣለሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከጣራ የሚሰማው መንጫጫት ደግሞ የቆርቆሮው ነው። ብረት በእያንዳንዱ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ 12 ማይክሮን ያህል ይለጠጣል። አሥር ሜትር የሆነ የኢጋ ቆርቆሮ ከቀትር እስከ ምሽት 30 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያጥራል፤ ሚስማሩ ግን በቦታው አለ። በጉና ተራራ ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች በጋ ላይ ቀኑ አናት ይበሳል፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጣራው በየምሽቱ ሞራሌው ላይ እየተንሸራተተ ይንቋቋል። አይጥም ድመትም እርግብም ሰዓት አላቸው፤ ምት ግን የላቸውም። ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ይቧጥጣሉ። የማያቋርጥ እምምታ ከሆነ የምጠብቀው መብራት እስኪጠፋ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ትራንስፎርመር የሚያዜመው በእጥፉ፣ በ100 ነው፤ መብራት በሄደባት ቅጽበት እምምታው አብሮ ከሄደ ምንጩ ኤሌክትሪክ ነው፣ ካልሄደ አይደለም። መብራት መጥፋቱ ለሌላው ሰው እርግማን ነው፤ ለእኔ ግን ማንም ሊያከራየኝ የማይችለው መመርመሪያ ነው።

ይህ የድሃ አገር ዘዴ እንዳይመስላችሁ። ካናዳ ውስጥ ዊንዘር በምትባል ከተማ ነዋሪዎች ለዓመታት ቤታቸውን የሚያንዘፈዝፍ ጉርምርምታ ይሰማቸው ነበር። የካናዳ መንግሥት ያስጠናው ጥናት በ2006 ዓ.ም. ጣቱን ወንዝ ማዶ፣ አሜሪካ ግዛት ውስጥ ወዳለው ወደ ዙግ ደሴት የብረት ፋብሪካ ቀሰረ። ጥርጣሬው ፀንቶ የቆመው ግን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. የፋብሪካው ምድጃዎች ሥራ ሲያቆሙ ጉርምርምታውም ሲያቆም ነው። ቦታውን በአቅጣጫ ሲፈልጉ ዓመታት ሄዱ፤ ሰዓቱ ነገሩን ዘጋው።

አሁን ወደ አንበሳሜ ልምጣ። ከተማችን የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቅ ቤቶች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመሩ ነው። የአንዱ ባለቤት ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያበቁ እናት ናቸው። ምድሩን ለሱቅና ለምግብ ቤት፣ ላዩን ለመምህራን፣ ለባንክ ሠራተኛና ለጤና ባለሙያ አከራይተዋል። እኔ ለበዓል አገር ቤት በገባሁበት ጊዜ አስጠሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይኸ ቤት ሌሊት ይወቅጣል» አሉኝ።

«ምን ይወቅጣል፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጸበሉን ለቤቱ አስረጭቻለሁ። አንተ ደግሞ ቧንቧውን እይልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት መምህር ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ከራሳቸው በላይ «ዱም … ዱም … ዱም» የሚል ወቀጣ ይሰማሉ። ከላያቸው የምትኖረው ነርስ ናት። እሷ ደግሞ ሌሊት ተረኛ በሆነችበት፣ ቤቷ ተቆልፎ ባደረበት ጊዜ ሳይቀር ተወቅሳለች፤ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ ትተዋል። አከራይዋ ከሁለቱ አንዱ ቤት ይለቃል ብለው ሰግተዋል። ከዚህ ደረጃ ላይ ከተደረሰ በኋላ ፈላጊው ሊያውቀው የሚገባ ነገር፣ የሚፈለገው የድምፁ ምንጭ ብቻ አለመሆኑን ነው። ማን ይቅርታ እንደሚጠይቅም አብሮ ይፈለጋል።

ለየበሩ ደብተር አደልኩ። ሰምተው ሲነቁ ሰዓቱን፣ ሳይሰሙ ካደሩም አለመስማታቸውን እንዲጽፉ ነገርኳቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ዝም ያለውን ሌሊት የመዘገበ ሰው ብዙም አይገኝም። የባንክ ሠራተኛው አመል ሆኖበት ደቂቃውን ሳይቀር ጻፈ። መምህሩ ምቱን ቆጠሩ። ነርሷ ያልሰማችበትን ሌሊት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረች፤ ይህ ለመከላከያ ማስረጃ ይሆናት ዘንድ ነው፣ ገባኝ። ደብተሮቹን አንድ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው ድምፁ የሚመጣው የገበያ ቀን ባለፈበት ሌሊትና በበዓል ማግስት ነበር። ሌላውን ቀን ቤቱ ሰላም ያድራል።

ጋኔን የገበያ ቀን አይመርጥም። ምግብ ቤት ግን ይመርጣል። ገበያተኛው በልቶ ጠጥቶ ሲሄድ ሳህኑና ብርጭቆው ይታጠባል፣ ጣራው ላይ ያለው ሮቶ ይጎድላል። የከተማው ውሃ በፈረቃ የሚመጣው ሌሊት ነው። በሌላ ቀን ሮቶው ብዙም ስለማይጎድል ውሃው መጥቶ ወዲያው ይዘጋል፤ በገበያ ማግስት ግን ሲሞላ ያድራል። እስከዚህ ድረስ ካቻቪቴ አላነሳሁም።

ለሌሊቱ ይዤው የወጣሁት ረዳት የዜማ ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። ደቡብ ጎንደር ከጥንት ጀምሮ የጆሮ አገር ነው፤ ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ ሁለቱም እዚሁ ናቸው። ጎረምሳ ሁሉ እየጮኸ በሚቀጽልበት ጉባኤ ውስጥ የአንዱን ስሕተት ለይቶ የሚሰማ መምህር ሥር የተቀመጠ ልጅ ለዚህ ሥራ ከማንም ይበልጥ ይጠቅማል። መሣሪያ ከምገዛለት ደሞዝ ብጨምርለት እመርጣለሁ። ድምፁ ሲጀምር ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየና «ጋሼ፣ ይኸ የሰው እጅ አይደለም» አለኝ። «እጅ ይደክማል። ወቃጭ ትቆማለች፣ ታማስላለች፣ ዘነዘናውን ታዛውራለች። ይኸ አይቆምም፤ ግን እየተቀራረበ መጣ።» ምቱ መጀመሪያ በአምስትና በስድስት ሰከንድ ልዩነት ነበር፣ እያደር ወደ ሦስት ወረደ። ማሽን ቢሆን እኩል ይመታል፤ ሰው ቢሆን ያርፋል። እየተቀራረበ የሚሄድ ምት፣ አንድ ነገር ሊሞላ ሲቃረብ የሚሰጠው ምት ነው።

ሽቅብ የሚወጣውን ቧንቧ ከምድር ጀመርኩ። መዳፌን ስጭንበት ምቱ ከጆሮዬ ቀድሞ በእጄ ተሰማኝ። ረጅሙን ካቻቪቴ ጫፉን ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ አስደገፍኩ። ይህ የመካኒክ ዘዴ ነው፤ በአየር የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ብረቱ ውስጥ ያለውን ብቻ ያሰማል። በየፎቁ በጠመኔ ምልክት እያደረግሁ ወጣሁ። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ መካከል ባለው ማረፊያ ላይ ድምፁ ተለወጠ። እስከዚያ ያለው ድፍን «ዱም» ነበር፤ እዚህ ጋ «ዱም-ቀ» ሆነ፣ ጭራ አወጣ። በባትሪ ሳየው ቧንቧውን ግድግዳው ላይ የሚይዘው ክላምፕ አንዱ ብሎኑ ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላው ብሎኬቱ ላይ ያለው ልስን የአንድ ሳንቲም ስፋት ተፈግፍጎ ነጭ ዱቄት ደረጃው ላይ ወድቋል። ያ ብሎኬት የመምህሩ መኝታ ቤት ግድግዳ ነው፤ ከአልጋቸው ራስጌ ዝቅ ብሎ። ከላይ ነው ያሉት ድምፅ የሚመጣው ከወገባቸው በታች ነበር።

ግን ክላምፑ የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ቧንቧውን የሚገፋው ሌላ ነው። ጣራ ወጥተን የሮቶውን ክዳን ከፈትን። ውሃው ከአፉ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። ሲሞላ የሚዘጋው ኳስ በገባው ውሃ ሞገድ ላይ ይዋልላል፤ ሞገዱ ሲያነሳው ቫልቩ ድርግም ይላል፣ ሞገዱ ሲወርድ ይከፈታል። ድርግም ባለ ቁጥር ከምድር እስከ ጣራ ሲሮጥ የነበረ የውሃ ዘንግ ባንዴ ይቆማል። ኒኮላይ ዡኮቭስኪ የሚባለው ሩሲያዊ የሞስኮን የውሃ መስመር አጥንቶ በ1890 ዓ.ም. እንዳሳየው፣ በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ውሃ ድንገት ቢቆም ቧንቧው ውስጥ የሚጨመረው ግፊት ከመቶ ሜትር የውሃ ከፍታ ክብደት ይበልጣል። ሕንፃው ራሱ ከአሥር ሜትር ብዙም አይዘልም።

እዚህ ላይ ቸኩሎ ኳሱን መቀየር ይቻላል፤ እኔ ግን አላደርገውም። መጀመሪያ ከሳሽም ተከሳሽም ደረጃው ላይ ወጥተው አብረው እንዲሰሙ አደርጋለሁ። መምህሩ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ነርሷ ነጠላዋን አጣፍታ ቆሙ። ልጁ ከታች ሆኖ ይጣራል። እጄን ሮቶው ውስጥ ከትቼ ኳሱን ከሥሩ በቀስታ ደገፍ አደረግኩት።

«ቆመ!» አለ ልጁ።

ለቀቅኩት።

«ጀመረ!»

ደግሜ ያዝኩ፣ ደግሜ ለቀቅኩ። ሦስተኛ ጊዜ ልደግም ስል መምህሩ «ይበቃል፣ ይበቃል» አሉ። ወደ ነርሷ ዞረው «እታለም፣ ይቅር በይኝ» ሲሏት እሷ ሳቀችና «ሙቀጫ እኮ የለኝም፣ መምህር፤ ቡና የማስፈጨው ወፍጮ ቤት ነው» አለቻቸው። ድምፁን ማቆም ብቻ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። ሰዎቹ በሌሉበት አስተካክዬው ብሆን መምህሩ ነርሷ ፈርታ አቆመች ይሉ ነበር።

ጥገናው ከፍለጋው ያጠረ ነው። ኳሱ ከነቫልቩ ተቀየረ። ሞገዱ እንዳይደርስበት ዙሪያውን የተበሳ ባልዲ አጠለቅንለት። ክላምፖቹን ሁሉ አጠበቅን፤ በብረቱና በቧንቧው መካከል ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ አስገባን። ምድር ላይ ያለውን ዋና ቫልቭ ደግሞ ግማሽ ዘጋሁት፤ ሮቶው ዘግይቶ ቢሞላ የሚቸኩል የለም፣ ውሃው በቀስታ ከሄደ ሲቆምም በቀስታ ነው። የባንክ ሠራተኛው የድምፅ መለኪያ ብናመጣ ምን ያሳይ እንደነበር ጠየቀኝ። የአገራችን መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይፈቅዳል። በአምስት ሰከንድ አንዴ የሚመታ ነገር በአማካይ ሲለካ ከዚያ በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ሕጋዊ ሆኖ እንቅልፍ የሚነሳ ድምፅ ብዙ ነው።

ወጪውን አከራይዋ ያለ ክርክር ከፈሉ። ኮንዶሚኒየም ቢሆን ነገሩ ይወሳሰብ ነበር። በጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ በቁጥር 370፣ ለሁሉ የሚያገለግለው ቧንቧ የሁሉም የጋራ ንብረት ነው፤ የሚጠገነውም በማኅበሩ ገንዘብ ነው። ምድር ቤት ያለው ነዋሪ ግን ስለ ጣራ ሮቶ እንዲያዋጣ ለማሳመን አንዳንዴ ድምፁን ከማግኘት በላይ ጊዜ ይፈጃል። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ስቀመጥ የደብተሮቹን ገጽ በስልኬ አንስቼ እይዛለሁ። በየሰው እጅ የተጻፈ ሰዓት አንድ ሲሆን ተከራካሪው ይቀንሳል።

ከአንበሳሜ ከመመለሴ በፊት እትዬ ጠርተው ሌላ ድምፅ ነገሩኝ፤ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ከጣራ የሚንቋቋ። ሰዓቱን ስሰማ የቆርቆሮው መሆኑን አወቅሁ፤ ወጥቼ ሚስማሮቹን አየሁ፤ ጥቂቶቹ ጎማቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ድምፁን ጨርሶ ለማጥፋት ጣራውን ገልብጦ መሥራት ይጠይቃል፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ የብዙ ወር ኪራይ ነው። ይንቋቋ አልኳቸው። ጎማዎቹን ግን ክረምት ሳይገባ እንዲያስቀይሩ፣ እሱም ለድምፁ ሳይሆን ለዝናቡ እንደሆነ ነግሬያቸው ወደ ሐሙሲት የሚሄደው ታክሲ ሳያመልጠኝ ወጣሁ።